ለትንንሽ ልጆች የገና መጫወቻ በቤት ውስጥ በአነስተኛ ወጪ እንዴት ይሠራል?

ገና ሲቃረብ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ የፕላስቲክ መኪናዎች፣ ሲጫኗቸው የሚዘፍኑ አሻንጉሊቶችና በባትሪ የሚሄዱ እንስሳት ይደረደራሉ። የዶሮውን፣ የቅቤውንና የሽንኩርቱን ሒሳብ ከሸፈኑ በኋላ ለልጅ መጫወቻ የሚተርፋቸው ገንዘብ እዚህ ግባ የማይባል የሚሆንባቸው ወላጆች ግን ብዙ ናቸው። ይህ ጽሑፍ በቅድሚያ ለእነርሱ የቀረበ ሲሆን፣ ዕድሜው ከአንድ እስከ አራት ዓመት ለሆነ ልጅ በቤት ውስጥ ሊሠሩ የሚችሉ ጥቂት መጫወቻዎችን አሠራር ያሳያል።

በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ መጫወቻውን በዋጋው አይመዝነውም። የሚወረውረው፣ የሚደራርበውና የሚያፈርሰው፣ የሚያቅፈው፣ ወይም ዕቃ ውስጥ ከትቶ መልሶ የሚያወጣው ነገር ካገኘ ያንኑ ደጋግሞ ሲያደርግ ይውላል፤ በመደጋገሙም እጁንና ዓይኑን አንድ ላይ ማሠራት ይለምዳል። ቁልፉ ሲነካ ብቻውን የሚዘፍን መጫወቻ ይህን ሁሉ ከልጁ ወስዶ ራሱ ይሠራዋል። በእኔ አመለካከት አንድ ወላጅ ለአንድ በዓል ከሦስት በላይ መጫወቻ ለመሥራት ባያቅድና የመረጣቸውን ግን ልጁ ሲጎትታቸው፣ ሲነክሳቸውና ሲወረውራቸው እንዲችሉ አድርጎ ቢሠራቸው ይመረጣል።

ጊዜን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ጾመ ነቢያት ከሚገባበት ከኅዳር 15 ቀን አንሥቶ እስከ ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ እስከ ታኅሣሥ 28 ድረስ ከስድስት ሳምንት የበለጠ ጊዜ አለ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ዕቃ ለመሰብሰብና ለማጠብ፣ የሚቀጥሉትን ሳምንታት ለስፌቱና ለእንጨቱ ሥራ ማዋል ይቻላል። ከበዓሉ በፊት ያለው የመጨረሻው ሳምንት የቤቱን ሴቶችም ወንዶችም ፋታ ስለማይሰጥ፣ ለእርሱ ምንም ሥራ ባይተርፍ መልካም ነው።

ዕቃ ማሰባሰብ

ቆራሌው ወይም ልዋጩ በሰፈር ሲጣራ አሮጌውን ሁሉ አውጥቶ ከመስጠት በፊት፣ ጥንዳቸው የጠፋ ካልሲዎችን፣ የተለበሱ የጥጥ ቲሸርቶችን፣ ያረጀ አንሶላን፣ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳን፣ የጫማና የዘይት ካርቶኖችን ለይቶ ማስቀመጥ ይገባል። ልብስ ሰፊዎች ከመቀሳቸው ሥር የሚወድቀውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ብዙውን ጊዜ ስለማይፈልጉት ለጠየቃቸው ይሰጣሉ፤ አናጢ ቤትም እንዲሁ ለማገዶ ከሚወጣው ትርፍራፊ እንጨት መርጦ መውሰድ ይቻላል። በአዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ከሚሰፉት ዘንድ ቁራጭ ጥለትና የነጠላ ትርፍ፣ መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ ደግሞ ልዩ ልዩ ያገለገለ ዕቃ ይገኛል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ቤተሰቦች ገናን በጃንዩወሪ 7 የሚያከብሩ ከሆነ፣ ከዲሴምበር 25 በኋላ ባሉት 13 ቀናት ጎረቤቱ ሁሉ ካርቶንና መጠቅለያ ስለሚጥል የዕቃ ችግር አይገጥማቸውም።

በገንዘብ የሚገዛው ጠንካራ የስፌት ክር፣ መርፌ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ጥቂት ባዘቶ ብቻ ነው። ያገለገለ ጨርቅ ሁሉ፣ ንጹሕ ቢመስልም፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ በደንብ በጠራራ ፀሐይ ከደረቀ በኋላ ብቻ ወደ ሥራ ይግባ፤ ትንሽ ልጅ የያዘውን ነገር ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳልና።

ከመሥራት በፊት መታወቅ ያለባቸው ጥንቃቄዎች

በቤት የተሠራ መጫወቻ በፋብሪካ ምርመራ ስለማያልፍ መርማሪው ወላጁ ራሱ ነው። ከሁሉ የከፋው አደጋ መታነቅ ነው። ለዚህ ጥሩ መለኪያ የሚሆነው ሶፍት የሚጠቀለልበት ባዶ የካርቶን ቱቦ ሲሆን፣ በዚያ ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ማናቸውም ነገር ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ መጫወቻ፣ ወይም የመጫወቻው አካል መሆን የለበትም። በዚህ መለኪያ መሠረት የልብስ ቁልፍ፣ ቆርኪ፣ ዶቃ፣ ብይ፣ ሽምብራና ባቄላ ሁሉ ይቀራሉ። ቆርኪን የመኪና ጎማ ማድረግ የለመደ ሰው ይህ ሊከብደው ይችላል፤ ያ ግን ለትልልቆቹ ልጆች የሚሆን ነው።

የሚጎተት ገመድ ወይም ክር ያለው መጫወቻ ሲሠራ የክሩ ርዝመት ከ20 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥና በጫፉ ላይ ቋጠሮ የሚሆን ቀለበት ባይኖረው አንገት ላይ የመጠምጠም አደጋን ይቀንሳል። ፌስታል በምንም መልኩ ለትንሽ ልጅ መጫወቻነት አይውልም፤ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ ትንፋሽ ያሳጣልና። ከተበላሸ የፋብሪካ መጫወቻ ጎማ ወይም ሌላ አካል ነቅሎ መጠቀም ቢያስፈልግ፣ ጠፍጣፋዋ ክብ ባትሪና ትንንሽ ማግኔቶች ሙሉ በሙሉ መወገዳቸውን ማረጋገጥ ግዴታ ነው። እንዲህ ያለችው ባትሪ ከተዋጠች በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ የጉሮሮን ግድግዳ ክፉኛ ልታቃጥል ስለምትችል፣ ልጅ ዋጠ ተብሎ ከተጠረጠረ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። የበርና የመስኮት ዘይት ቀለም፣ በተለይም ከአሮጌ ቆርቆሮ የተገኘ፣ ለልጅ አእምሮ ጎጂ የሆነ እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖርበት ስለሚችል መጫወቻ ላይ አይቀባ።

የጨርቅ ኳስ

የአገራችን ልጆች ካልሲ ውስጥ ጨርቅና ፌስታል ጠቅጥቀው ኳስ ሲሠሩ ኖረዋል። ለትንሹ ልጅ የሚሠራው ከዚሁ የተለየ አይደለም፤ ፌስታሉ ብቻ ይቀራል። ስፋቱ 12 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆን ልጁ በሁለት እጁ አቅፎ ለመያዝም ሆነ በእግሩ ለመግፋት ይመቸዋል።

አሮጌውን ቲሸርት ከታች ጀምሮ ዙሪያውን በሦስት ወይም በአራት ሴንቲ ሜትር ስፋት እንደ ጥብጣብ ይቁረጡት። ጥብጣቡን ሳብ ሲያደርጉት ጠርዙ ወደ ውስጥ ይጠቀለልና ለመጠምጠም የሚመች ይሆናል። ጫፉን በጣት ላይ ጥቂት ዙር ጠምጥመው ያውጡትና፣ በየአምስት ወይም ስድስት ዙሩ አቅጣጫ እየቀየሩ፣ እያጠበቁ ይቀጥሉ፤ አቅጣጫው ካልተቀየረ ሞላላ ይሆናል። የሚፈለገው መጠን ላይ ሲደርስ ጫፉን በመርፌ ይያዙትና ኳሱን እስከ ካልሲው ጫፍ ድረስ ይክተቱት። ከዚያ ካልሲውን ከኳሱ በላይ አንቀው አንድ ጊዜ ይጠምዝዙት፣ የቀረውን ገልብጠው መልሰው ኳሱን ያልብሱት፣ ደግመውም ይጠምዝዙና ይገልብጡ። ካልሲው ሲያልቅ አፉ በድርብ ክር፣ መርፌውን በየስፌቱ ወደ ኋላ እየመለሱ፣ ክብ ተደርጎ ይሰፋል። ይህ ስፌት አንድ ቦታ ላይ ክሩ ቢበጠስ እንኳ ሌላው ስለማይተረተር ለልጅ መጫወቻ ሁሉ የሚመረጥ ነው። ድምፅ እንዲሰጥ ብለው እህል የሚከቱበት ሰዎች አሉ፤ ጨርቁ ሲቀደድ እህሉ ልጁ አፍ ስለሚገባና ነቀዝም ስለሚወልድ ባይደረግ ይሻላል።

ለስላሳ የገና ዱላ

ከሁሉ መጫወቻ ለዚህ በዓል የሚስማማው ይኸኛው ይመስለኛል፤ ጨዋታው ከነስሙ የበዓሉ ነውና። ትውፊቱ እንደሚናገረው እረኞች የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ በደስታ በዱላቸው ሩር እየመቱ ተጫወቱ፤ ጨዋታው በየዓመቱ በዚህ በዓል የሚደረገውም ይህን ለማሰብ ነው። በሜዳ ላይ ጎረምሶች የሚጫወቱበት ዱላ ጫፉ የቆለመመ ጠንካራ እንጨት፣ ሩሯም ጠጣር በመሆኗ ለትንሽ ልጅ አይሆኑም። ከጋዜጣና ከጨርቅ የሚሠራው ግን ቅርጹን ይዞ አያሳምምም።

ስምንት ወይም አሥር የጋዜጣ ሉሆችን ደራርበው ርዝመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲሆን አጥብቀው ይጠቅልሉት። ውፍረቱ ልጁ በመዳፉ ጨብጦ ጣቶቹ ሊገናኙ ጥቂት የሚቀራቸው ቢሆን ይበቃል። ጥቅሉን በሦስት ቦታ በክር ይሰሩት። ከዚያ የአንዱን ጫፍ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል በውሃ ያርሱትና ወረቀቱ ለስለስ ሲል በጣሳ ወይም በጠርሙስ ዙሪያ ቀስ አድርገው ያጉብጡት። በችኮላ ከታጠፈ ይሰበራል፤ ስለዚህ ጥቂት አጉብጦ፣ ጥቂት ቆይቶ፣ እንደገና ማጉበጥ ያስፈልጋል። እንደጎበጠ ከጠርሙሱ ጋር ታስሮ ፀሐይ ላይ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆይ። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ጨርቅ ከተጠቀለለበት ውስጡ ይሻግታል፤ ሽታውም አይለቅም።

ሲደርቅ የቲሸርት ጥብጣብ ከቆለመመው ጫፍ ጀምሮ ግማሽ በግማሽ እየተደራረበ እስከ እጀታው ይጠመጠማል። የሚመታው ጫፍ ላይ ግን ሦስት አራት ጊዜ ተመላልሶ ወፈር ማለት አለበት፤ ሌላ ልጅ ቢነካ እንዳያምም። በመጨረሻም ሽፋኑ ከላይ እስከ ታች በክር ይያዛል። እጀታው ላይ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቁራጭ ጨርቅ ቢዞርበት ልጁ የሚይዝበትን ቦታ ለይቶ ያውቃል።

ልጁ ሦስት ዓመት ሲሞላው ጨዋታውን በሁለት ደንብ ብቻ ማስጀመር ይቻላል። አንደኛው ኳሷ መሬት ለመሬት እንጂ ወደ ላይ አትመታም፤ ሁለተኛው ዱላው ከጉልበት በላይ አይነሣም። አባት ወይም አያት በርከክ ብሎ ከፊቱ ቢሆንና ኳሷን ቀስ አድርጎ ቢያንከባልልለት ልጁ ሲመታት የሚሰማው ደስታ ልዩ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን አባባል ልጁ ያን ጊዜ ከአያቱ አፍ ቢሰማው፣ በዓሉን የሚያስታውስበት አንድ ነገር ያገኛል።

የሚደራረቡ የእንጨት ጡቦች

ከአናጢ ቤት የሚለመነው ቁራጭ ሞራሌ ለዚህ ሥራ እጅግ ተስማሚ ነው። ችፑድና መሰል የተጨፈለቀ እንጨት ግን በማጣበቂያ የተሠራ፣ ጠርዙም በቀላሉ የሚፈረፈር ስለሆነ አይወሰድ። አናጢውን በመጋዙ በ5፣ በ10 እና በ15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት እንዲቆርጥልዎት ይጠይቁት። ልኬቱ እንዲህ የሚሆንበት ምክንያት አለው፤ ሁለት ትንንሾች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ከአንድ መካከለኛ ጋር፣ ሦስት ትንንሾች ደግሞ ከአንድ ረጅም ጋር እኩል ስለሚሆኑ ልጁ መቁጠር ሳያውቅ ልክን በእጁ ይማራል። 20 ያህል ቁራጭ ለመጀመሪያ በቂ ነው።

ድካሙ ያለው ማለስለሱ ላይ ነው። በመጀመሪያ በሻካራው 80 ቁጥር፣ ቀጥሎ በ120፣ በመጨረሻ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ እንጨቱ የሚሄድበትን መሥመር ተከትሎ መፋቅ ያስፈልጋል። ሹል ጠርዝና ማዕዘን ሁሉ ዙሩ እስኪታይ ድረስ ይፈተግ። መለስለሱን በጣት ብቻ መፈተን አያስተማምንም፤ አሮጌ ስቶኪንግ በእጅ ላይ አጥልቆ በየገጹ ማሸት እንጂ። ስንጥር ካለ ስቶኪንጉን ይይዘዋል፤ ያን ቦታ ደግሞ መፋቅ ነው። ቀለም አያስፈልገውም። ወዝ እንዲኖረው ለሚፈልግ ሰው፣ አንድ እጅ የንብ ሰም ከሦስት እጅ የምግብ ዘይት ጋር፣ ዕቃውን በፈላ ውሃ ላይ አስቀምጦ ማቅለጥና ሲበርድ በጨርቅ እያሹ መቀባት ይቻላል። ሰም በቀጥታ እሳት ላይ ከተጣደ ሊቀጣጠል ስለሚችል ይህን ሥራ ልጁ በሌለበት መሥራት ይገባል።

እነዚሁ ጡቦች ገና ለመደራረብ ላልደረሰ ልጅ ሌላ ጥቅም ይሰጣሉ። የዱቄት ወተት ጣሳ ተወስዶ የውስጡ ጠርዝ እጅ የሚቆርጥ ከሆነ በወፍራም ጨርቅና በማጣበቂያ ይሸፈናል። በፕላስቲክ ክዳኑ ላይ ደግሞ ትንሹ ጡብ የሚያልፍበት ቀዳዳ ይበጃል። የአንድ ዓመት ልጅ ጡቡን በቀዳዳው ከትቶ ድምፁን ሰምቶ፣ ክዳኑን አስከፍቶ እንደገና ይጀምራል።

ነጠላ የለበሰች አሻንጉሊት

በወረቀት ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያላት፣ እጆቿና እግሮቿ ከአምስት ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ስፋት ያላቸው ቀላል ሰው ይሣሉ። ቀጭን እጅና እግር ከተሰፋ በኋላ ለመገልበጥ ያስቸግራል። አንሶላውን አጥፈው ወረቀቱን በላዩ በማድረግ፣ ዙሪያውን አንድ ሴንቲ ሜትር ጨምረው በሁለቱም ንብርብር ይቁረጡ። ጨርቁን በግልባጩ አድርገው፣ ጎኗ ላይ ስድስት ሴንቲ ሜትር ክፍት ትተው ዙሪያውን ይስፉ። አንገቷና ብብቷ ላይ ያለውን ትርፍ ጨርቅ በመቀስ ጫፍ፣ ስፌቱን ሳይነኩ፣ በጥቂቱ መስነጠቅ ያስፈልጋል፤ ይህ ካልተደረገ ስትገለበጥ ጨርቁ ይሸበሸባል። በእርሳስ ጀርባ እየገፉ ከገለበጧት በኋላ ባዘቶውን በትንሽ በትንሹ ይጠቅጥቁ። ሰው ብዙ ጊዜ ሆዷን ሞልቶ አንገቷን ይረሳል፤ ጭንቅላቷ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ግን አንገቷ ውስጥ ያለው ጥጥ ጠንከር ሲል ነው።

ዓይኗና አፏ በጥቁርና በቀይ ክር ይጠለፋሉ እንጂ ቁልፍ አይሰፋባቸውም። ጸጉሯን ከጥቁር ጨርቅ ቆርጦ ጭንቅላቷ ላይ መስፋት ከሚነቀል ክር ይሻላል። ከሽሮ ሜዳ የመጣችው ቁራጭ ጥለት ከቀሚሷ ግርጌ ትሰፋለች፤ ከአሮጌ ነጠላም ትንሽ ተቀድዶ ለትከሻዋ ይሆናል። ለወንድ ልጅም ቢሆን በጉ፣ አህያው ወይም እረኛው በዚሁ መንገድ ይሠራል። የቤተ ልሔምን ታሪክ ለልጅ ለመተረክ ለሚፈልግ ወላጅ በግና እረኛ አብሮ መሥራቱ ይጠቅመዋል።

ካርቶንና ሊጥ

ጊዜ ያጠረው ሰው ልጁን የሚያስቀምጥ ትልቅ ካርቶን ወስዶ፣ የሽቦ ስፒሎቹን ሁሉ ነቅሎ፣ ጠርዙን በፕላስተር ሸፍኖና ጎማና መሪ ሥሎበት በአንድ ምሽት መኪና ሊያደርገው ይችላል። ብዙ ሳምንት አይቆይም፤ እስኪቀደድ ድረስ ግን ከብዙ ዕቃ በላይ ያጫውታል።

ሁለት ዓመት ከሞላው በኋላ፣ ትልቅ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ እያለ፣ የሚቀረጽ ሊጥም ይሆነዋል። ሁለት ብርጭቆ ፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ብርጭቆ ደቃቅ ጨውና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ተቀላቅሎ፣ እስከ አንድ ብርጭቆ የሚደርስ ለብ ያለ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ ይለወሳል። እጅ ላይ መጣበቁን ሲተው ደርሷል ማለት ነው። ለቢጫ እርድ፣ ለሮዝ ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ ያገለግላል። ጨው የበዛበት ስለሆነ ልጁ እንዳይበላው መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በክዳን ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተቀመጠ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል።

ስጦታውን መስጠትና መንከባከብ

ለመጠቅለያ የተረፈው ጨርቅ በከረጢት መልክ ተሰፍቶ መጫወቻዎቹን ቢይዝ በኋላም ማስቀመጫ ይሆናል። ፊኛ አብሮ አይሰጥ፤ የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ትንሽ ልጅን ያንቃል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከማውጣት ይልቅ አንዱን ከቅዳሴ መልስ፣ ሌላውን ከሰዓት በኋላ እንግዳ ሲመጣ መስጠቱ ልጁ እያንዳንዱን ረጋ ብሎ እንዲያየው ያደርጋል።

ከበዓሉ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ስፌቶቹን በሁለት እጅ ሳብ እያደረጉ መመርመር፣ የላላውን ወዲያው መስፋት፣ ጡቦቹንም ተሰንጥቀው እንደሆነ በስቶኪንጉ መፈተሽ ይገባል። ኳሱና አሻንጉሊቷ በእጅ ታጥበው ፀሐይ ላይ በየጊዜው እየተገላበጡ ይድረቁ፤ ውስጣቸው ጥጥና ጨርቅ ስለሆነ ሙሉ ቀን፣ ደመና ካለም ሁለት ቀን ይፈልጋሉ። ዱላው ስለማይታጠብ ሲቆሽሽ የላይኛው ጥብጣብ ተፈትቶ በሌላ ይተካል።